በቺካጎ ሚሌኒየም ፓርክ ነፃ የሰመር ኮንሰርት ከጓደኞች ጋር፦ ከቀን መረጣ እስከ መመለሻው ባቡር

ቺካጎ ሰመር ሲገባ በሚሌኒየም ፓርክ የፕሪትዝከር መድረክ ላይ በሳምንት ውስጥ ብዙ ምሽት ነፃ ሙዚቃ አለ። ዋናው የግራንት ፓርክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ በትልቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ሙዚቀኞች ሥራ እንዲያገኙ ሕዝቡም ሳይከፍል እንዲያዳምጥ ተብሎ ተጀመረ፤ ዛሬም ሙሉ ኦርኬስትራና የመዘምራን ቡድን ያለ ትኬት ይሰማል። ለአገራችን ሰው ደግሞ ቅርብ ነው፤ ኤጅዋተርና ሮጀርስ ፓርክ አካባቢ የሚኖር ሁሉ በአንድ ባቡር ይደርሳል።

ትኬት የሌለው ኮንሰርት ግን ወንበር አይጠብቅላችሁም። ቦታው፣ ምግቡ፣ የማታው ብርድ፣ የጓደኞች መገናኛ፣ ሁሉም ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት መሰናዳት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ለስድስት ሰው የተሰላ ነው። ሰዓቱ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

1. ቀኑን ምረጡ

ፌስቲቫሉ ከሰኔ (ጁን) አጋማሽ እስከ ነሐሴ (ኦገስት) አጋማሽ፣ አሥር ሳምንት ያህል ይቆያል። የተለመዱት ቀኖች ረቡዕና ዓርብ በ6:30፣ ቅዳሜ በ7:30 ናቸው። ብዙ ጊዜ የዓርቡ ፕሮግራም ቅዳሜ ስለሚደገም ዓርብን ብትመርጡ መጠባበቂያ አላችሁ ማለት ነው፤ ዝናብ ከጣለ ሳትጨነቁ ወደ ቅዳሜ ታዛውራላችሁ። ቅዳሜ ግን ሰው ይበዛል፣ የቦታ መያዣውም ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ማለት አለበት።

ከጓደኞቻችሁ መካከል ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለት ካለ፣ ወይም እየተጫወታችሁ ለማዳመጥ ከሆነ ሐሳባችሁ፣ የኦርኬስትራ ምሽት አይመቻችሁም። ከተማው ራሱ በዚያው መድረክ በሌሎች የሥራ ቀን ምሽቶች የሚያዘጋጃቸውን የባንድ ኮንሰርቶች ተመልከቱ። በጁን የብሉዝ ፌስቲቫሉ፣ በሌበር ደይ (በሴፕቴምበር መጀመሪያ በሚውለው የሠራተኞች በዓል) ሰሞን ደግሞ የጃዝ ፌስቲቫሉ አለ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። እዚያ መቆም፣ መጨፈር፣ ማውራት ይቻላል። የኦርኬስትራው ምሽት ሌላ ነው፤ አሥራ አንድ ሺህ ሰው በሚይዝ ቦታ አንድ ቫዮሊን ብቻውን የሚጫወትበት ደቂቃ ይኖራል።

አንድ ነገር አስቡበት፦ በጁላይ መጨረሻና በኦገስት መጀመሪያ ላይ ሎላፓሉዛ የሚባለው ትልቁ ፌስቲቫል ግራንት ፓርክን ለአራት ቀን ይይዛል። በዚያ ሰሞን የኦርኬስትራው ኮንሰርት ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው ሃሪስ ቲያትር ቤት ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ሣር ላይ መቀመጥ የለም፣ ባቡሩም ይጨናነቃል። እግሩን ዘርግቶ መብላት የሚፈልግ ቡድን ያን ሳምንት ይለፈው።

2. የጾሙን ቀን መቁጠሪያ ከኮንሰርቱ ጋር አስተያዩ

ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። ከዚያም በላይ የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 (ጁላይ 12) ይዘልቃል፣ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 (ኦገስት 7) ይገባል። ስለዚህ ከፌስቲቫሉ ሳምንታት ውስጥ ለሚጾም ሰው የፍስክ የሚባሉት በአብዛኛው በጁላይ አጋማሽና በኦገስት መባቻ መካከል ያሉ ቅዳሜዎች ናቸው። ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ የሚጾም ካለ ሁሉንም ምግብ የጾም ማድረግ ይሻላል። ምክንያቱ አብሮ ለመብላት ብቻ አይደለም፤ ሜዳ ላይ የጾም ምግብ ከፍስኩ በብዙ ይበልጣል። ቅቤ ያለበት ወጥ ሲቀዘቅዝ ቅቤው ይረጋና አፍ ላይ ይጣበቃል፤ በዘይት የተሠራ ግን ቀዝቅዞም ይበላል።

3. መልእክቱን በሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ

የሐበሻ ቡድን የሚበተነው በሰዓት ነው። «አሥራ ሁለት ተኩል» ያላችሁት ሰው እኩለ ቀን አልፎ ሠላሳ ደቂቃ ሲል ደውሎ «የታላችሁ?» ይላል። ስለዚህ ሰዓቱን ሁልጊዜ ከነፒኤሙ ጻፉ፤ አንድ ሰዓት ብቻም አትስጡ። የቦታ መያዣ፣ የምግብና የሙዚቃ ሰዓት ለየብቻ ይነገር። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ዓርብ ማታ ሚሌኒየም ፓርክ። ቦታ የሚይዙ ሁለት ሰዎች 4:45 ፒኤም ይደርሳሉ። ምግብ 5:30 ፒኤም ይቀርባል። ሙዚቃ 6:30 ፒኤም (በእኛ ማታ 12:30)። ከ6:20 በኋላ ስልክ አይነሣም፣ ቦታውን በካርታ ልከንላችኋል። ሹራብ ያዙ።»

ከዚያ ሥራውን በስም ደልድሉ። «ሁሉም የቻለውን ያምጣ» ከተባለ ሦስት ሰው ድፎ ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ውኃ ያመጣ ግን አይገኝም። ለስድስት ሰው የሚሠራው ድልድል ይህ ነው፦ ሁለቱ ምንጣፍና ቦታ፣ አንዱ እንጀራና ጥቅል፣ አንዱ ውኃና በረዶ፣ አንዱ ቡናና ዳቦ፣ አንዱ ሳህን፣ ሶፍት፣ የቆሻሻ ፌስታልና የወባ ትንኝ መከላከያ። ሁልጊዜ የሚያረፍድ ጓደኛ ካለ የቡናውን ሥራ ስጡት፤ ቡና ቢዘገይ የሚጎዳ ሰው የለም። ውኃ ወይም ምንጣፍ ግን በፍጹም እሱ እጅ አይግባ።

4. ምግቡ

ፓርኩ ውስጥ እሳት አይነድድም፤ ከሰል፣ ምድጃ፣ ማሞቂያ ሁሉ ክልክል ነው። ስለዚህ ቀዝቅዞ የሚጣፍጥ፣ በእጅ ተነሥቶ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ፣ መረቅ የማያንጠባጥብ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ሽሮ አይሆንም፤ ሲቀዘቅዝ ይጠጥርና ጣዕሙ ይሸሻል። ዶሮ ወጥ አጥንቱና መረቁ ያስቸግራል። ቲማቲም ፍትፍት እቤት ከተሠራ መንገድ ላይ ይላቁጣል። ክትፎማ በሙቀት ቀን ከቤት መውጣት የለበትም።

የሚሆነው አዚፋ ነው። ለስድስት ሰው፦

ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ለቅማችሁ አጥባችሁ ቀቅሉ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በኋላ አንድ ፍሬ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ፣ ድስቱ ውስጥ ግን ቅርጹን ያልለቀቀ ሲሆን አውጡት። ውኃውን በደንብ አጥልሉ፤ እዚህ ላይ መቸኮል ነው አዚፋን የሚያበላሸው። ማጥለያው ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ መሐል ላይ አንዴ በማንኪያ ገልበጥ አድርጉት። ውኃ የያዘ ምስር ሁለት ሰዓት ሳይሞላው እንጀራውን አርሶ ይቀድደዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሲሶውን ያህል በሹካ ጨፍልቁ፤ የተጨፈለቀው ሌላውን ይይዘዋል፣ ጥቅሉም ሲቆረጥ አይበተንም። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ፣ ሦስት ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ ተከትፎ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው። ሐሙስ ማታ ተሠርቶ ፍሪጅ ካደረ ዓርብ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሽንኩርቱን ግን ጠዋት ጨምሩት፤ ካደረ ሽታው ይከብዳል፣ ምንጣፍ ላይ ደግሞ ጎረቤት አላችሁ።

ከአዚፋው ጋር በትንሽ ዘይት ደረቅ ተደርጎ የተሠራ ጎመንና ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ስልጆ ይበቃል።

እንጀራ አሥር ያዙ። ሰባቱ ለጥቅል ነው፣ ሦስቱ ተጣጥፎ ይሄዳል። ጥቅሉን ለመሥራት እንጀራውን ዓይኑን ወደ ላይ ዘርጉ፣ አዚፋውን ስስ አድርጋችሁ አልብሱት፤ ከጠርዙ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ተዉ፣ አለበለዚያ ሲጠቀለል በጎን ይወጣል። ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና በፎይል ሸፍኑ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው መሠራት ያለበት። ቤት ውስጥ አትቁረጡት፤ ሜዳው ላይ ከፎይሉ ሳይወጣ በቢላ ሳይሆን በመቀስ በአራት በአራት ጣት ቁረጡ። የምግብ መቀስ ከቢላ የሚሻለው በሁለት ምክንያት ነው፦ ሣር ላይ ጠንካራ መክተፊያ ስለማያስፈልገው፣ መግቢያው ላይ ቦርሳ ሲፈተሽም ቢላ ስለሚያስቸግር። አፉ ድቡልቡል የሆነውን ትንሹን ምረጡ። እሱም እንዳይቀርባችሁ ከፈራችሁ ቤት ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልሉ።

ትኩስ እንጀራ በፕላስቲክ አታሽጉ፤ ያልበዋል፣ ላቡ ወርዶ ታችኞቹን ያጣብቃቸዋል። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ በየሁለቱ መካከል ሶፍት ይግባ። ሜዳው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፦ የሐይቁ ነፋስ የተገለጠ እንጀራን በአሥር ደቂቃ ያደርቀዋል። የምትበሉትን ብቻ ግለጡ።

ለፍስክ ቅዳሜ ከወሰናችሁ ቅቤ ያልገባበት፣ በደንብ የደረቀ ቋንጣ ፍርፍር በዘይት ተሠርቶ ይሆናል። አይብ የሚሄደው በበረዶ ላይ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

የጊዜው ሕግ ለሁሉም አንድ ነው፦ የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ወይም ከበረዶ ከወጣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ (90 ፋራናይት) ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ባቡሩ፣ ፍተሻው፣ ጥበቃው ብቻውን ሁለት ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ የቀዝቃዛ ቦርሳ ግዴታ ነው። በረዶ መግዛት ግን አያስፈልግም፦ አራት የግማሽ ሊትር ውኃ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ ይደር፣ ሁለቱን ከታች ሁለቱን ከላይ አድርጋችሁ ምግቡን መሐል አስቀምጡ። ማታ ሲቀልጡ ይጠጣሉ። ውኃው እየረጋ ስለሚሰፋ ጠርሙሱን ሙሉ አትሙሉት፣ ሁለት ጣት ጎደል ይበል። ከእነዚህ ሌላ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውኃ አስቡ።

ቡና በፔርሙዝ ነው የሚሄደው። ፔርሙዙን በፈላ ውኃ ሞልታችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩና ድፉት፣ ከዚያ ቡናውን አጥልላችሁ ቅዱ፤ እንዲህ ከሆነ እስከ ሦስተኛው ሰዓት ድረስ ትኩስ ነው። ካልተጠለለ አተላው ሲናወጥ እየተነሣ ያስቸግራል። ሲኒው የወረቀት ይሁን፤ ብርጭቆና ጠርሙስ ሣር ላይ ከተሰበረ ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ይጎዳል። መጠጥን በተመለከተ ደንቡ እንደ ዝግጅቱ ይለያያል፤ በአንዱ ምሽት የተፈቀደው በሌላው ይከለከላልና የዚያን ቀን ማስታወቂያ ሳታነቡ ጠጅም ቢራም አትያዙ።

ፈንዲሻ ይሁን፣ ቆሎ ግን ይቅር፤ ወይም 6:20 ላይ ይታሸግ። ስድስት ሰው ቆሎ ሲቆረጥም በዝግታ በሚጫወት ክፍል ላይ አምስት ምንጣፍ ድረስ ይሰማል።

5. ከምግብ ሌላ የሚያዝ

ባለ ሁለት ድርብ ምንጣፍ ያስፈልጋል፦ ከታች ውኃ የማያሳልፍ ቀጭን ሸራ፣ ከላይ ጨርቅ። ሣሩ ደረቅ ቢመስልም ፀሐይ ስትወርድ ጤዛ ይይዛል፣ ጨርቅ ብቻ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀሚስ ይረጥባል። ለስድስት ሰው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ይበቃል። ከዚህ በላይ መዘርጋት የሌላውን ቦታ መውሰድ ነው።

የድንኳን ካስማ አይተከልም። ያ ሜዳ ተራ መሬት አይደለም፤ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያና የባቡር ሐዲድ አለ፣ ሣሩ የበቀለው በጣሪያ ላይ ነው። የምንጣፉን አራት ጫፍ በጫማና በቦርሳ ያዙት።

ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ለእያንዳንዱ ሰው። ቀን 30 ዲግሪ የነበረ ከተማ ነፋሱ ከሚሺጋን ሐይቅ መንፈስ ሲጀምር ሐይቁ ዳር ላይ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል፤ ሰው ኮንሰርት ሳያልቅ ተነሥቶ የሚሄድበት ትልቁ ምክንያት ብርድ ነው። ሌላው ቀላል ነው፦ እርጥብ ሶፍት፣ ሁለት የቆሻሻ ፌስታል፣ ፓወር ባንክ፣ ሰንስክሪን፣ ዲት (DEET) የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ። መከላከያውን ምግብ ከመገለጡ በፊት፣ ከምንጣፉ ርቃችሁ ተቀቡ፤ እጅ ይታጠብ ወይም ይጠረግ፣ በእጅ ነው የምንበላው።

6. መንገዱ

ከኤጅዋተር ሬድ ላይን የሚባለውን ባቡር ይዛችሁ ሌክ ወይም ሞንሮ ጣቢያ ውረዱና ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ሐይቁ፣ ሁለት መንገድ ተሻገሩ፤ ሚሺጋን አቬኑ ላይ ናችሁ። 147 ቁጥር አውቶቡስ ከሸሪዳን ጎዳና ተነሥቶ በሐይቁ ዳር ወርዶ ሚሺጋን አቬኑ ላይ ስለሚያደርስ ዕቃ ለያዘ ሰው ደረጃ የለበትም። ዓርብ ከ4:00 በኋላ ግን መኪናው ስለሚያቆመው ባቡሩ ይሻላል። በመኪና መምጣት ያለበት ሰው ካለ ከፓርኩ ሥር ያለውን ማቆሚያ ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ይክፈል፤ በር ላይ ሲከፈል በጣም ይወደዳል።

መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ዕቃውን በስድስት ትንንሽ ቦርሳ ከመያዝ በሁለት ትልልቅ መያዝ ያፋጥናል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በወጣው ደንብ ከሐሙስ እስከ እሑድ ከ6:00 ፒኤም በኋላ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ 21 ዓመት ከሞላው አዋቂ ጋር ካልሆነ አይገባም። የአሥራ ስድስት ዓመት ወንድም ወይም እኅት ብቻውን ከሥራ ወጥቶ የሚመጣ ከሆነ በር ላይ ሄዳችሁ ተቀበሉት።

7. የት ነው የሚቀመጠው

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። መድረኩ በሰሜን በኩል ሆኖ ወደ ደቡብ ይመለከታል። ከፊቱ 4,000 ያህል ቋሚ ወንበር አለ፣ ከወንበሮቹ ኋላ 7,000 ሰው የሚይዘው ሣር። ከወንበሮቹ የፊት የፊቶቹ ለፌስቲቫሉ አባላት የተያዙ ናቸው፤ የቀሩት ለቀደመ ሰው ናቸው።

መድረኩን የሠራው ፍራንክ ጌሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ። ብዙ ሰው የሚያየው ከመድረኩ ራስ ላይ እየተቆለመመ የሚወጣውን የብረት ቆርቆሮ ነው። ለአድማጭ የሚጠቅመው ግን ከሣሩ በላይ የተዘረጋው የብረት ቱቦዎች መረብ ነው፤ ርዝመቱ 183 ሜትር፣ ስፋቱ 91 ሜትር ይሆናል። ድምፅ ማጉያዎቹ የተንጠለጠሉት እዚያ ላይ ነው። ድምፅ መቶ ሜትር ለመሄድ የሴኮንድ ሲሶ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የኋላ ማጉያዎች ልክ ያን ያህል ዘግይተው እንዲሰሙ ተደርገዋል። ባይዘገዩ ኖሮ አንዱን ከበሮ ሁለቴ ትሰሙት ነበር። ሌሎቹ ማጉያዎች ደግሞ በአዳራሽ ውስጥ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ ያህል ወደ ታች ይለቃሉ።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ከኋላ መቀመጥ እዚህ ጉዳት የለውም፤ ከመረቡ ውጭ መቀመጥ ግን አለው። ወደ ላይ ስታዩ ቱቦዎቹ ከራሳችሁ በላይ ካሉ ጥሩ ቦታ ላይ ናችሁ። ምርጡ የሣሩ መካከለኛ መስመር ነው፣ ከመጨረሻው የወንበር ረድፍ 15 ወይም 20 ሜትር ወደ ኋላ። ወደ ወንበሮቹ በጣም ከተጠጋችሁ ከመድረኩ ይልቅ የምታዩት የፊት ሰው ጀርባ ነው፤ ወደ መተላለፊያው ከተጠጋችሁ ምሽቱን ሙሉ እግር ይመላለስባችኋል። ከየትኛውም መንገድ አራት እርምጃ ወደ ውስጥ ግቡ።

ቀጥሎ ፀሐይ። ፊታችሁን ወደ መድረኩ ስታዞሩ ግራችሁ ምዕራብ ነው፣ የሚሺጋን አቬኑ ፎቆች በዚያ ናቸው። ጥላቸው ቀድሞ የሚያርፈው በግራው ሣር ላይ ነው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው 8:30 ገደማ ስለሆነ 5:00 ላይ በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው ረጅም ሰዓት ይጠበሳል። ሞቃት ቀን ከሆነ መሐሉን ትታችሁ ትንሽ ወደ ግራ ያዙ። በኦገስት አጋማሽ መጥለቂያው ወደ 7:50 ስለሚመጣ ነገሩ ያን ያህል አያሳስብም።

ከአገር ቤት ለመጠየቅ የመጡ እናትና አባት አብረው ካሉ ሣር ላይ አታስቀምጧቸው። መቀመጡ ሳይሆን መነሣቱ ነው የሚከብዳቸው። 5:30 ሳይሞላ ከአባላቱ ወንበሮች ኋላ ካሉት ነፃ ወንበሮች ጠርዝ ላይ ያሉትን ያዙላቸው፣ ጋቢ አጥፋችሁ ከሥር አንጥፉ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው እየተፈራረቀ አብሯቸው ይቀመጥ። ማታ የማይመቻቸው ከሆነ ኦርኬስትራው ቀን ላይ የሚያደርገው ልምምድም ክፍት ነው፤ ጨቅላ ሕፃን ላላቸውም ያ ይሻላል።

ቦታው እንደተያዘ ፎቶ አንሡ፣ የካርታ ቦታችሁን ለቡድኑ ላኩ፣ በቃልም ጨምሩበት፦ «ፊትህን ወደ መድረኩ አድርገህ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀይ ሻሽ የታሠረበት ቦርሳ»። ካርታው ብቻውን በአሥር ሜትር ይሳሳታል፣ አሥር ሜትር ውስጥ ደግሞ ሃያ ምንጣፍ አለ።

8. ከ5:30 እስከ 6:30

ብሉ። ጉርሻውም፣ ጨዋታውም፣ ሳቁም፣ የዓመት ወሬውም የዚህ ሰዓት ነው፤ ከጓደኞች ጋር የመምጣቱ ደስታ ግማሹ እዚህ ነው ያለው። 6:15 ላይ ፎይል የሚንኳኳ ነገር ሁሉ ይሰብሰብ፣ ቡና ይቀዳ፣ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ይሂድ፤ 6:25 ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ስልክ ድምፁ ይዘጋ።

ሙዚቃው ሲጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ጓደኛ የሚቸገረው ጭብጨባ ላይ ነው። አንድ ሲምፎኒ ብዙ ጊዜ አራት ክፍል አለው፣ በየመሐሉ ዝም ይላል። ያ ማለቂያው አይደለም። መሪው እጁን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ወደ ሕዝቡ ሲዞር ነው የሚጨበጨበው። ሕፃን ካለቀሰ ይዞ ወደ ሣሩ ዳር መሄድ ነው፣ ማንም አይቆጣም። የሚነሣ ሰው በክፍሎቹ መካከል ይነሣ።

9. ሰማዩ ሲጠቁር

ጠዋትና 3:00 ላይ የአየር ትንበያ እዩ። ቀላል ዝናብ ብቻ ከሆነ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይበቃል፤ ጃንጥላ ከኋላ ያለውን ሰው ይጋርዳል። መብረቅ ግን ሌላ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው፤ ምግቡንም ምንጣፉንም ትታችሁ ተነሡ። ከዛፍ ሥር ወይም ከብረት መረቡ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ቅርቡ መጠለያ ከፓርኩ ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ስትገቡ ደረጃው የት እንዳለ አይታችሁ አልፉ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ። የምሽቱ ሠራተኞች የሚሉት ከዚህ ከተለየ የእነሱን ስሙ።

10. ሲያልቅ

እንዳለቀ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል። 20 ደቂቃ ተቀመጡ፤ የቀረውን ቡና የምትጠጡት ያኔ ነው። ሣሩን በስልክ መብራት ፈትሹ፤ የሚጠፉት ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫና የልጅ ጫማ ናቸው። ቆሻሻው በፌስታል ተቋጥሮ ወደ ማጠራቀሚያው።

የተረፈውን ጥቅል ወደ ቤት አትመልሱት፤ ከበረዶው ከወጣ ሁለት ሰዓት አልፎታል፣ ሎሚውም አያድነውም። በበረዶ መሐል ሳይከፈት የቆየ እንጀራና ስልጆ ግን ይመለሳል። ሸራውን ያን ሌሊት እርጥቡን አታጥፉት፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ዘርግታችሁ አሳድሩት፣ አለበለዚያ ለሚቀጥለው ዓርብ ስታወጡት ሻጋታ ይሸታል።